የአፍዴራ ጨው በፕላስቲክ ትል ውስጥ

በግቢያችን ጥግ ካለው የውሃ በርሜል ግርጌ አንድ ነጭ ሳህን ተቀምጧል። በርሜሉ ሲሞላ የውሃው ጥልቀት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሳህኑ ደግሞ የጣልኩት ነገር መሬት የነካበትን ቅጽበት ከላይ ሆኜ በግልጽ እንዳይ ይረዳኛል። ላለፉት ሰባት ወራት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ እየተነሣሁ፣ በገዛ እጄ አቅልጬ በፎርማ ያወጣኋቸውን፣ ዓሣ ለማጥመድ መንጠቆ ላይ የሚሰኩ ለስላሳ የፕላስቲክ ትሎች አንድ በአንድ ወደዚህ በርሜል ስጥልና ሳህኑን እስኪነኩ የሚወስድባቸውን ጊዜ በስልኬ እየቆጠርኩ በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ። በፕላስቲኩ ላይ ማለስለሻ፣ ቀለም፣ ብልጭልጭ፣ የሽታ ዘይትና ጨው እያፈራረቅኩ ጨምሬያለሁ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የትሉን ጠባይ በእርግጥ የለወጠው ጨው ብቻ ነው፤ የዛሬው ጽሑፌም በአብዛኛው ስለ ጨው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጅቡቲ በሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ በዕረፍት ቀኑ ከባሕር ዳር ዓሣ ያጠምዳል፤ ባለፈው ዓመት ሊጠይቀን ሲመጣ ዓሣ ነክሶ የቆራረጣቸውን ለስላሳ የፕላስቲክ ትሎች በአንድ ከረጢት ሞልቶ አመጣልኝና እንደገና ቀልጠው ሊሠሩ እንደሚችሉ ነገረኝ። በኋላም አንድ ሊትር ያልተነካ ፕላስቲሶል እና ትንሽ ጠርሙስ ማለስለሻ ላከልኝ። እንዲህ ያለውን የፕላስቲክ ትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ኒክ ክሪም የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ጊዜው 1949 እ.ኤ.አ.፣ ቦታውም ኦሃዮ ውስጥ የምትገኘው አክረን ከተማ ነበር። እሱም ቢሆን የጀመረው በቤቱ ውስጥ፣ ፕላስቲክን ከዘይትና ከቀለም ጋር እያዋሃደ በመሞከር ነው።

ፕላስቲሶል ማለት በጣም የደቀቀ የፒ.ቪ.ሲ. ዱቄት በሚያለሰልሰው ዘይት ውስጥ የተበጠበጠበት፣ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ነው። እሳት ላይ ሲጣድ መጀመሪያ ይወፍርና እንደ ገንፎ ይጓጉላል፤ በዚህ ጊዜ የተበላሸ መስሎት የሚደፋው ሰው አይጠፋም። ማማሰሉን ሳያቋርጡ ከቀጠሉ ግን ከ165 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ዱቄቱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይመጥና ፈሳሹ እንደ ማር ጠርቶ ይወርዳል። ወደ ፎርማ የሚፈስሰውም ያን ጊዜ ነው። ሙቀቱ 200 ዲግሪን ካለፈ ፕላስቲኩ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎም ይቡንናል፣ ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝም ይለቃል። ስለዚህ ያለ ቴርሞሜትር የሚሠራ ሥራ አይደለም። እኔ የምሠራው ደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ረጅም የቆዳ ጓንት አጥልቄ ነው፤ ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውም ምግብ አይነካቸውም። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «ልጄ፣ የፈለግኸውን ሥራ፤ ይህ ሽታ ግን ጓዳዬ እንዳይገባ» ብላኝ ነበር፤ የተናገረችው ስለ ሽታው ቢሆንም፣ ለጤና የሚበጀውም ይኸው የእሷ ደንብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፎርማውን የሠራሁት ከጀሶ ነው። ጀሶ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ከዚያም በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ሦስት ጊዜ ቀብቼ እንደገና አደረቅኩት። የድሬዳዋ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ወደ ጨው ልመለስ። ፕላስቲሶል ከውሃ የሚከብደው በጥቂቱ ነው፤ ባዶው ትል መንጠቆ ካልተሰካበት ውሃ ውስጥ የሚወርደው እንደ ቅጠል እየተንሳፈፈ ነው። ጨው ደግሞ በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። በአሜሪካ ሴንኮ የሚባለው፣ ጅራትም ክንፍም የሌለው ትል ታዋቂ የሆነው ውስጡ በጨው የተሞላ በመሆኑ እንደሆነ አጥማጆች ሁሉ ያውቃሉ፤ ማስጠሚያ የእርሳስ ብረት ሳይታሰርበት በራሱ ክብደት፣ በአግድሙ ተኝቶ፣ ጎንና ጎኑን እያርገበገበ ይወርዳል። እኛ ደግሞ የጨው ችግር የለብንም። ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመጣው ጨው በድሬዳዋ ገበያ በየሱቁ አለ፤ ስለዚህ ከተጨማሪዎቹ ሁሉ በርካሽ የማገኘው እሱን ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አደጋ ነበር። ከፌስታሉ በቀጥታ 10 ግራም ጨው መዝኜ በ170 ዲግሪ የቀለጠ 100 ግራም ፕላስቲክ ውስጥ ጨመርኩ። ድስቱ ወዲያውኑ እንደ ተጣደ ሽሮ መንቦቅቦቅ ጀመረ፤ አንድ ጠብታም ዘልሎ በጓንቱና በእጅጌዬ መካከል አንጓዬ ላይ አረፈ። የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ፈላ ውሃ ተንሸራትቶ አይሄድም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ጠባሳው አሁንም አለ። ያወጣኋቸው ትሎችም ውስጣቸው እንደ እንጀራ ዓይን ተቦርቡሮ ስለነበር በርሜሉ ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ። ማታ ለአክስቴ ልጅ ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «አቦ፣ ጨዉን አድርቀኸዋል ወይስ እንዲሁ ነው የጨመርከው?» ብሎ ነው።

ደረቅ የሚመስለው ጨው በቅንጣቱ ውስጥ ውሃ ይዟል፤ ውሃ ደግሞ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,600 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ አሁን ጨዉን አስቀድሜ በብረት ምጣድ ላይ አምሰዋለሁ። ሲጋል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ድምፁ በውስጡ የታሰረው ውሃ ቅንጣቱን እየሰነጠቀ ሲወጣ የሚሰማ ነው። ፍንዳታው እየራቀ፣ እየራቀ ይሄድና ፈጽሞ ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ካለም በኋላ ለጥንቃቄ አሥር ደቂቃ ያህል እጨምርበታለሁ። ከዚያ ትኩስ እንዳለ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ነፍቼ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በጣቶቼ መካከል ሳሸው እንደ ጤፍ ዱቄት ካልለሰለሰ ተመልሶ ሙቀጫ ይገባል።

ማድቀቁ ለመልክ ብቻ አይደለም። በቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ ጨው ያለማቋረጥ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የቅንጣቱ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የመዝቀጡ ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥሬው ጨው ድስቱን ከምድጃው አውርጄ ፎርማው ዘንድ እስክደርስ ድረስ ታች ተከምሮ ስለሚጠብቀኝ፣ የመጀመሪያው ትል ባዶ፣ የመጨረሻው ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። የላመው ጨው ግን እያማሰልኩ እስካፈስሰው ድረስ እኩል ተሰራጭቶ ይቆያል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ትልቅ ቅንጣት ፕላስቲኩ መቀደድ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል፤ የተቀደደ ትል አንሥቼ ስመለከት ቀዳዳው አፍ ላይ አንድ የጨው ጥሬ ቁጭ ብሎ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን በርሜሉ የነገረኝን ልጻፍ። ሁሉም ትሎች 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ከአንድ ፎርማ የወጡና መንጠቆ ያልተሰካባቸው ናቸው፤ እያንዳንዱንም አምስት አምስት ጊዜ ጥዬዋለሁ። ባዶው ትል ሳህኑን ለመንካት 16 ሰከንድ ገደማ ወሰደበት። በ100 ግራም ፕላስቲክ 10 ግራም ጨው የገባበት በ8 ሰከንድ ተኩል ደረሰ። 20 ግራም የገባበት 6 ሰከንድ ተኩል፣ 30 ግራም የገባበት ደግሞ 5 ሰከንድ ተኩል ፈጀ። የመጀመሪያው 10 ግራም ጊዜውን በግማሽ ግድም ሲቀንሰው፣ ሁለተኛው ሁለት ሰከንድ፣ ሦስተኛው አንድ ሰከንድ ብቻ መቀነሱ መጀመሪያ የመዘንኩበትን ሚዛን አስጠርጥሮኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ያለው ውሃው ውስጥ ነው፤ ትሉ በፍጥነት በወረደ ቁጥር የውሃው ተቃውሞ በፍጥነቱ እጥፍ በእጥፍ እየተባዛ ስለሚጨምር፣ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ትሉ ከውሃ የሚበልጥበትን ክብደት አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የጨመርኩት ጨው ያስከፈለኝን ደግሞ በሌላ መንገድ ለካሁ። ትሉን ጭንቅላቱ ላይ በመንጠቆ ወግቼ ከጣሪያ ማገር አንጠለጥለዋለሁ፤ ከጅራቱ ደግሞ ባዶ ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠፍሬ አስርና እስኪቀደድ ድረስ በዝግታ ውሃ እሞላበታለሁ። ባዶው ትል ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ተሸከመ። 10 ግራም የገባበት ወደ 1.3 ሊትር፣ 20 ግራም የገባበት ከአንድ ሊትር ትንሽ ዝቅ ያለ፣ 30 ግራም የገባበት ግን ግማሽ ሊትር ሲሞላ ተበጠሰ። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው፤ ከ10 ግራም በኋላ የሚጨመረው ጨው የሚያተርፈው ጥቂት፣ የሚያጠፋው ብዙ ነው። በንግድ የሚሸጡ ትሎች ከዚህ የበለጠ ጨው እንደሚይዙ አውቃለሁ፤ ሻጩ የተቀደደውን የሚተካ ገዢ አለው፣ እኔ ግን ያለኝ አንድ ጠርሙስ ፕላስቲሶል ነው።

ጨው ትሉን ግትር ያደርገዋል፤ ይህን ለማካካስ ማለስለሻ ይጨመራል። ማለስለሻው ራሱ በፕላስቲሶሉ ውስጥ ያለው ዓይነት ዘይት ስለሆነ በቀላሉ ይዋሃዳል። በ100 ግራም ላይ 5 ሚሊ ሊትር ስጨምር 10 ግራም ጨው የያዘው ትል የባዶውን ያህል ተለምጦ ተመለሰልኝ። 15 ሚሊ ሊትር የጨመርኩ ጊዜ ግን በሁለተኛው ቀን ትሎቹ ላብ እንዳጠመቀው ሰው ዘይት አወጡ፤ እርስ በርሳቸው ከመጣበቃቸው የተነሣ ሳላቅቃቸው ሁለቱ ተቀደዱ። ከዚያ ወዲህ ከ5 አልፌ አላውቅም።

ቀለምና ብልጭልጭ ላይ ብዙ አልቆይም። የኬክ ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ እንደ እርጥብ ጨው ድስቱን ያፈነዳል፤ ፈጽሞ አይሞከርም። ለጌጥ የሚሸጠው ርካሽ ብልጭልጭ ሙቀቱን አይችልም፣ ይጠቀለልና ቀለሙን ለቅቆ ትሉን ግራጫ ያደርገዋል። የሠራልኝ በጣም የደቀቀና በምጣድ የደረቀ የከሰል ዱቄት ነው፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ 100 ግራሙን ጥቁር አድርጎታል። የማጠምድበት የአዋሽ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ድፍርስ ስለሆነ፣ ከብርሃኑ በታች ጥላው ጎልቶ የሚታይ ጥቁር ነገር ከሚያብረቀርቀው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሽታ ግን ረዘም ያለ ነገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም እኔ የማጠምደው በዋነኛነት አምባዛን ነው። አምባዛ በድፍርስ ውሃና በጨለማ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በማሽተትና በጢሞቹ በመቅመስ ነው፤ ጢሞቹ ላይ የጣዕም ሕዋሳት በብዛት አሉት። እዚህ ከተማም ሐረርም በየቅመም ሱቁ የሚገኘውን የጥቁር አዝሙድ ዘይት መርጬ ሦስት ሚሊ ሊትር በቀለጠው ፕላስቲክ ላይ ጨመርኩ። ከፊሉ በጭስ መልክ ወዲያው ሄደ፤ የቀረው ደግሞ በሳምንቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ትሉን አሙለጨለጨው። የምግብ ዘይት ከፒ.ቪ.ሲ. ጋር እምብዛም ስለማይስማማ በፕላስቲኩ ውስጥ አይቀመጥም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ የጨመርኩበትም ጊዜ ሽንኩርቱ በያዘው ውሃ ምክንያት አረፋ ብቻ አተረፍኩ። አሁን የማደርገው ትሉ ከፎርማው ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በዚፕ ከረጢት ውስጥ ከጥቂት ጠብታ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጋር ማሸት ነው። ሽታው ከላይ ይይዛል፤ ከብዙ ውርወራ በኋላ ሲታጠብም እዚያው ውሃ ዳር መልሼ አሸዋለሁ። የቀለጠው ፕላስቲክ ላይ ሽታ መጨመር፣ በእኔ ግምት፣ ዘይት ማባከን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከኪሳራ ተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን 20 ትሎች ያስቀመጥኩበት ጠንካራ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን በሦስት ሳምንት ውስጥ ግርጌው ቀልጦ ከትሎቹ ጋር አንድ ሆነ። ትሉን የሚያለሰልሰው ዘይት በቦታው ረግቶ አይቀመጥም፤ ወደ ነካው ሌላ ፕላስቲክ ይሸጋገርና ያንንም ያለሰልሰዋል። ቀለምም እንዲሁ ከትል ወደ ትል ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓይነት ለየብቻው በዚፕ ከረጢት ማስቀመጥ ይገባል። ከእነዚህ ማለስለሻ ዘይቶች አንዳንዶቹ፣ ፍታሌት የሚባሉት፣ በአውሮፓ ኅብረት በሕፃናት መጫወቻ ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከሉ ስለሆኑ፣ ትሎቹን ከታናናሽ እህቶቼ ልጆች እጅ አርቃለሁ። የተቀደደውንም ውሃ ውስጥ አልጥልም፤ ዓሣ የዋጠው ፕላስቲክ ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፣ ለእኔ ደግሞ ተመልሶ ድስት የሚገባ ጥሬ ዕቃ ነው። ደጋግሞ የቀለጠው ግን ከሙቀት የሚጠብቀው ኬሚካል ስላለቀበት በቶሎ ይቢጫል፤ ጥቁር ከሰል ለሚገባበት ትል ይህ ችግር አይሆንም።

በርሜል ወንዝ አይደለም። ስለዚህ አራት ጊዜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በሚነሣ ሚኒባስ፣ ከጎረቤቴ ጋር አዋሽ ወርጃለሁ። አዋሽ ውስጥ አዞ ስላለ የምንወረውረው ከፍ ካለ ዳርቻ ላይ ሆነን ነው፤ ውሃው ዳር ተንበርክኮ ዓሣ ማውጣት በፍጹም አይገባም። ባዶውን፣ ባለ 10 ግራሙንና ባለ 30 ግራሙን ትል፣ ሁሉንም ጥቁርና ተመሳሳይ ሽታ የተቀቡ፣ በየ20 ደቂቃው እያፈራረቅን ወረወርን። በአራቱ ጉዞ ካወጣናቸው 11 ዓሦች ዘጠኙ አምባዛ፣ ሁለቱ ቢልጫ ነበሩ። ሰባቱ የተያዙት በባለ 10 ግራሙ ነው፤ ባዶውና ባለ 30 ግራሙ ሁለት ሁለት አመጡ። ባዶውን ጅረቱ ግርጌ ሳይደርስ ጠርጎ ወደ ዳር ይመልሰዋል። ባለ 30 ግራሙ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል፤ ስስበው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ተቀድዶ ባዶ መንጠቆ ነው የሚመጣው። ባለ 10 ግራሙን ሲነክሱ ክሩ የሚወጠረው እየሳብኩት ሳይሆን ገና እየወረደ ሳለ ነበር፤ ከሰባቱ አምስቱ እንዲህ ነው የተያዙት።

ይህን ካየሁ በኋላ ጨዉን በአንድ ትል ውስጥ በሁለት መክፈል አሰብኩ። ባለፈው እሑድ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጣድኩ፤ በአንዱ 20 ግራም ጨው ያለበት፣ በሌላው ባዶ ፕላስቲክ። ፎርማውን አዘንብዬ የጅራቱን ግማሽ ጨው ባለበት ሞላሁ፤ እሱ ሳይቀዘቅዝም የጭንቅላቱን ግማሽ ከባዶው ጨመርኩ። ሁለቱ ትኩስ ለትኩስ ስለተገናኙ መጋጠሚያቸው በጠርሙሱ ፈተና ከአንድ ሊትር በላይ ችሏል፣ የተቀደደውም ከመጋጠሚያው ሳይሆን ከመንጠቆው ሥር ነው። መንጠቆው የሚሰካበት ጭንቅላት ጨው ስለሌለበት ጥንካሬው አልተነካም፤ ክብደቱ ደግሞ በአማካይ ከባለ 10 ግራሙ ጋር እኩል ነው። በርሜሉ ውስጥ ስጥለው በአግድሙ አልወረደም። ጅራቱን አስቀድሞ፣ ወደ ኋላው እየተንሸራተተ፣ በ7 ሰከንድ ግድም ግርጌ ደረሰ፤ አምስቱንም ጊዜ ያረፈው ከሳህኑ ውጭ፣ ከጣልኩበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነው።